ከኋላችን ማንም አይምጣ

ኢሊንካ ሆሪያን የተዋወቀችው ቅልጥሙን በበትር መትታ ነው።

ያሽ ከተማ ቴይ የሚባሉት ዛፎቿ አብበው መንገዱ ሁሉ ማር ማር ይሸት ነበር። ኢሊንካ ከትራም ወርዳ የኮፖውን አቀበት ይዛ ወደ ዓይነ ስውራን ማሠልጠኛው እየወጣች ነው። የቧንቧ ሠራተኞች የእግረኛውን መንገድ ቆፋፍረውታል። የነጭ በትሯ ጫፍ የጉድጓዱን አፍ አገኘ፤ ወረድ ብሎም ጥልቀቱን ለካ። በግራ ልዙር ወይስ በቀኝ እያለች ቆም ባለችበት ቅጽበት፣ ከየት መጣ ሳይባል አንድ እጅ ክንዷን አፈፍ አድርጎ ወደ ኋላ ጎተታት። በትሯ ዞረና የሆነ ሰው እግር ላይ አረፈ።

«ወይኔ እግሬን!» አለ የወንድ ድምፅ።

«እጅዎን ይሰብስቡ!»

«ጉድጓድ ውስጥ ሊገቡ ነበር እኮ!»

«ጉድጓዱንማ አውቃለሁ፤ በትሬ እውስጡ ነው ያለው። ልወድቅ የነበረው እርስዎ ሲጎትቱኝ ነው።»

ሰውየው ቅልጥሙን ሲያሻሽ ይሰማታል። ከዚያ የተሸማቀቀ ሳቅ ሳቀ።

«የሚያሳፍረው ደግሞ፣ እኔ ራሴ በበትር መሄድ አስተምራለሁ። እዚህ ማሠልጠኛው ውስጥ።»

«ታዲያ ተማሪዎችዎን እግዜር ይሁናቸው!»

«ወዴት ነበር የሚሄዱት?»

«እዚያው። ሥራ ልጠይቅ።»

«የምን ሥራ?»

«የእርስዎን ዓይነት» አለች ኢሊንካ።

ሰውየው ዝም አለ። ኢሊንካ ዝምታን በዓይነቱ ትለያለች። ጆሮዋ ተአምር ኖሮበት አይደለም፤ ሰዎች እሷ ፊት ዝም ማለት ስለሚያበዙ ነው። የሚያዝን ዝምታ አለ፣ የሚፈራ ዝምታ አለ፣ ቶሎ በሄደችልን የሚል ዝምታም አለ። የዚህ ሰው ግን የሚያስብ ሰው ዝምታ ነበር። ደስ አላት። ደስ ስላላትም በራሷ ተናደደች።

ስሙ ሆሪያ ነው። አነከስ አነከስ እያለ ከጎኗ ሄደ፤ እስከ በሩ ድረስ እጁን ወደ ክንዷ አልሰነዘረም።

የማሠልጠኛው ኃላፊ ወይዘሮ ቬቱሪያ ደግ ሴት ነበሩ። ችግሩም ደግነታቸው ነበር። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ኢሊንካ ተሳድባ ትወጣ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጧት፣ ሻይ አስቀዱላት፣ ከዚያም እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው «የኔ ልጅ» አሏት፣ «የስልክ ኦፕሬተርነት ቦታ አለን።»

«ስልክ ላነሳ አልመጣሁም። በበትር መሄድ ላስተምር ነው የመጣሁት።»

«እሱማ ገብቶኛል። ግን ተማሪሽ መንገድ ሲሻገር ማን ያይለታል?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም?»

«ትምህርቱን ጨርሶ ቤቱ ሲገባስ ማን ሊያይለት ነው? እርስዎ አብረውት ሊኖሩ ነው?»

ቬቱሪያ ሻያቸውን ያማስሉ ጀመር። ስኳሩ ከሟሟም በኋላ ማንኪያው መዞሩን አልተወም።

ኢሊንካ ይህን የምትናገረው ከመጽሐፍ አንብባ አልነበረም። የዓይኗ ብርሃን የጠፋው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ በበትር መሄድ ያስተማሯት ሰው ዓይናማ ነበሩ፤ ሁልጊዜ ከኋላዋ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ይከተሏታል። ኪሳቸው ውስጥ የቁልፍ ዘለላ አለ፤ ሲራመዱ ይንሿሿል። ትምህርቷን በጥሩ ውጤት ጨረሰች፤ ተጨበጨበላት። በማግስቱ ለብቻዋ ዳቦ ልትገዛ ወጣችና መታጠፊያው ላይ ስትደርስ እግሯ አልንቀሳቀስ አለ። መንገዱ ያው ነው፣ በትሩም ያው ነው፤ የቁልፉ ድምፅ ግን የለም። ለካ የተማረችው ቁልፉን አምኖ መሄድ ነበር። እናቷ መጥታ እስክትወስዳት እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብቻዋን አልወጣችም።

ካደገች በኋላ ውጭ አገር ሄዳ ያገኘቻት አሠልጣኝ ግን ራሷም ዓይነ ስውር ነበረች። ያቺ ሴት አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አስገባቻት፣ ሾፌሩን አዙረን አለችው፣ ከማታውቀው ሰፈር አወረደቻትና «ቤት እንገናኝ» ብላ በሩን ዘግታ ሄደች። ኢሊንካ መጀመሪያ ሰደበቻት። ቀጥላ አለቀሰች። ቀጥላ ደግሞ፣ ሌላ ምርጫ ስላልነበራት፣ የመኪኖቹ ድምፅ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማዳመጥ ጀመረች። ጀምበር ሳትጠልቅ ቤት ደረሰች። በዚያች ቀን ያገኘችውን ነገር ለሌላ ሰው ሳትሰጥ እንደማትሞት ለራሷ ማለች።

ቬቱሪያ ነገሩን ቡካሬስት ለሚገኘው ቦርድ አቀረቡ። ቦርዱ ብዙ ካንገራገረ በኋላ አንድ ሠልጣኝ ሰጣት። በጋውን ታስተምረው፤ በጥቅምት ሁለቱን ከማያውቁት ሰፈር እናወርዳቸዋለን፤ ሠልጣኙ እየመራ ማሠልጠኛው ከደረሱ ትቀጠራለች አለ። ሠልጣኙ እንደማንም ዓይነት ሰው አልነበሩም። ከአሠልጣኞቹ ሁሉ የተጣሉ፣ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን የወሰደባቸው የቀድሞ የትራም ሾፌር ጋሼ ኔኩላይ ናቸው።

«ዓይናማ ልከውልኝ ያልሆነውን» አሏት ጋሼ ኔኩላይ ገና በሩን ሲከፍቱ፣ «ዕውር ልከው ሊሆን ነው?»

«እርስዎም ዕውር ነዎት፤ እንግዲህ ተገናኘን።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ለመዋጥ ሞክረው አቃታቸው። ከዚያ በዝቅታ «ከኋላ የሚመጣው ማነው?» አሉ።

«ማንም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ትራም ስነዳ ከኋላዬ ስንት ሰው ሲጮህብኝ ኖሬአለሁ» አሉ። «እስኪ ደግሞ ያለማንም እንሂድ።»

ሄዱ። ኢሊንካ ከጎናቸው ሆና የበትራቸውን ድምፅ ታዳምጣለች። በትሩ ግራና ቀኝ የሚሄድበት ሲጠብ «ሰፋ ያድርጉት» ትላለች። መሻገሪያ ላይ «አሁን ልሻገር?» ብለው ሲጠይቋት «እኔን ምን ይጠይቁኛል? መኪኖቹን ይጠይቋቸው» ትላቸዋለች። ይሳደባሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይሻገራሉ። በሐምሌ ሙቀት ለብቻቸው ገበያ ሄደው ሐብሐብ ገዝተው ተመለሱ። ሐብሐቡን ያዩት ጎረቤቶች ሁሉ እንዲያደንቁላቸው ለሦስት ቀን አልቆረጡትም።

ሆሪያም በዚያ በጋ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ለሥራ ነው አለ። ቀጥሎ በአጋጣሚ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉን ተወው። ከትምህርት በኋላ አደባባዩ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ ይበላሉ። ስታናግረው አንዳንዴ መልሱን ታጣዋለች።

«ራስህን እየነቀነቅክ ነው አይደል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«የሸሚዝህ ኮሌታ ይንሿሿል። አፍህን ተጠቀም፤ አዎ ይሁን አይደለም ግን አይሰማኝም።»

«ስምንት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ስሳሳት ለማንም እንዳትነግሪ።»

አንድ ቀን ለምን ፈሪ እንደሆነ ነገራት። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪው መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት ዳሌው ተሰብሯል።

«ሁለት እርምጃ ርቄ ነበርኩ» አለ። «ዓይኔ አየ፤ እጄ አልደረሰም። እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ።»

ኢሊንካ ልቧ ተነካ። ቢሆንም ሳትናገር አላለፈችም። «እንግዲህ ከኋላው መሆንህ ምን ጠቀመው?» አለች በቀስታ።

አልመለሰም። ኮሌታውም አልተንሿሿም።

ያን ምሽት እስከ ትራም ፌርማታው ሸኛት። ክርኑን አላቀረበም፤ መያዝ ተምሯል፣ አለመያዝም ተምሯል። እሷ ግን እጇን ዘርግታ ክርኑን ያዘች።

«መንገዱን ታውቂዋለሽ እኮ» አለ ግራ ገብቶት።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ያዝሽኝ?»

«ስለፈለግኩ።»

ትራሙ መጣ፤ አልተሳፈረችም። ሌላው መጣ፤ አሁንም አልተሳፈረችም። ሁለቱም ምንም አላሉም፤ ይህኛው ዝምታ ኢሊንካ ከዚያ በፊት የማታውቀው ዓይነት ነበር።

ጥቅምት ደረሰ። ቡካሬስት ያሉት የቦርዱ ሰዎች የፈተናውን ቀን ሲቆርጡ የቅድስት ፓራስኬቫ በዓል መሆኑን አላሰቡትም። በዚያ ቀን ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ የሚመጣ ምእመን ከካቴድራሉ ጀምሮ ጎዳናውን ሞልቶ ይሰለፋል፤ የቅድስቲቱን አጽም ለመሳለም ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ብዙ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ትራም ይቆማል። ቬቱሪያ ቀኑን እናስተላልፈው አሉ።

«ለምን?» አለች ኢሊንካ። «ዓይነ ስውር በበዓል ቀን ከቤት አይወጣም?»

በዋዜማው ሆሪያን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። «ነገ ከኋላችን ማንም አይምጣ። አንተም ብትሆን። ቃል ግባልኝ።»

«ብከተላችሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለ ሆሪያ፤ ወዲያው ምን እንዳለ ታወቀውና ድምፁ ቆመ።

ኢሊንካ ከት ብላ ሳቀች። «ግድ የለም፣ ግንባር ቢሆንም አስተምርሃለሁ።»

የቦርዱ መኪና ከከተማው ደቡብ፣ ከቀይ ድልድይ ወዲያ ካለ አንድ ጓሮ አወረዳቸውና ሄደ። ጋሼ ኔኩላይ ቆመው አዳመጡ። በስተግራ የመኪና ግርግር፣ በስተቀኝ የርግብ ድምፅ። ወደ ግርግሩ ሄዱ፣ አንዲት ሴትዮን ጠየቁ፣ የሐዲዱን ብረት በበትራቸው ጫፍ አገኙ። «አሁን ይቺ ከተማ የኔ ናት» አሉ። ኢሊንካ አንድ ቃል አልተናገረችም። ልቧ ግን ከደረቷ ሊወጣ ነበር፤ ከደስታዋ ብዛት።

ከዚያ የበሶብላ ሽታ መጣ። ምእመናኑ የሚይዙት የበሶብላ እቅፍ ነው፤ ሰልፉ ጋ መድረሳቸውን አወቀች። ሰልፉን ሰንጥቀው ወዲያ ማዶ ለመሻገር ይቅርታ ብለው ገና አንድ እርምጃ ሳይራመዱ፣ አንዲት ሴት «ወይ እናቴ!» ስትል ሰማች። «ዓይነ ስውራን ናቸው! አሳልፏቸው! ወደ ፊት!»

እጆች ያዟት። ከትከሻዋ፣ ከክንዷ፣ ከወገቧ። ሌሊቱን በብርድ ቆመው ያደሩ ሰዎች ተራቸውን ሊሰጧት ወደ ካቴድራሉ እየተቀባበሉ አሳለፏት። «የኔ ምስኪን፣ ዛሬ ቅድስቲቱ ትፈውስሻለች!» ይላሉ። በትሯ ከሰው እግር ጋር ተያያዘ። ከወዲያ በኩል ጋሼ ኔኩላይ «ኧረ ኮቴን!» ይላሉ።

ኢሊንካ እግሯን አንፈራጥጣ ቆመችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እናቶች! ስለ ደግነታችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ግን ለመፈወስ አልመጣንም፤ መንገድ እየተሻገርን ነው!»

የሚጎትቷት እጆች ቆሙ።

«እኔም ከቅድስቲቱ ጋር ምንም ጠብ የለኝም» አሉ ጋሼ ኔኩላይ። «ተራዬን ይዤ እመለሳለሁ። ዛሬ ግን ፈተና አለብኝ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። እጆቹ አንድ በአንድ ለቀቁ። ጎርነን ያለ ድምፅ ያላቸው አንዲት አሮጊት «ወዴት ነው የምትሄዱት ታዲያ?» ብለው ጠየቁ፤ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ ለሰው። ጋሼ ኔኩላይ «ወደ ኮፖው» ብለው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ከኋላ ጩኸት ተሰማ።

«ልቀቋቸው! አትንኳቸው! አሠልጣኛቸው እኔ ነኝ! ኃላፊያቸው እኔ ነኝ!»

የሆሪያ ድምፅ ነበር።

ሕዝቡ ወዲያው ዞረ። «በሉ ለባለቤታቸው አስረክቧቸው» አለ አንዱ። አሮጊቷም ጥያቄያቸውን ለሆሪያ ደገሙት፦ «ወዴት ነው የምትወስዳቸው፣ ልጄ?» የቦርዱ መኪና በሕዝቡ ተይዞ እዚያው አጠገብ ቆሞ ኖሯል። መስኮቱ ሲወርድ ኢሊንካ ሰማች፤ «ደግነቱ ሰው ከኋላቸው ነበር!» የሚለውንም ሰማች።

 ከሰልፉ ወጥተው አንድ ግድግዳ ሥር ሲደርሱ ወደ ሆሪያ ዞረች።

«ከየት ጀምሮ ነው የተከተልከን?»

«ከመነሻው» አለ ሆሪያ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ሲይዙሽ ሳይ... ፈራሁ። ስለምወድሽ ነው ኢሊንካ። ስለምወድሽ።»

ይህን ቃል በጋውን ሙሉ ስትጠብቀው ነበር። እንዲህ ሆኖ ይመጣል ብላ ግን አላሰበችም። እንባዋ መጣ፤ ንዴቷ ግን ከእንባዋ ቀደመ።

«አትቀላቅል! ብትወደኝ ኖሮ ቤትህ ቁጭ ብለህ ትፈራ ነበር።»

ጋሼ ኔኩላይ በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «እኔ መንገዴን አልጨረስኩም» አሉ። «ነይ መምህርት። አንተ ደግሞ እዚሁ ቁም።»

ማሠልጠኛው ደረሱ። ጋሼ ኔኩላይ በሩን ራሳቸው አገኙት። ዋጋ ግን አልነበረውም።

በማግስቱ ቦርዱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው በሚያሳዝን ለስላሳ ድምፅ፣ ድፍረቷን እንደሚያደንቁ፣ ግን በችግር ሰዓት ዓይን እንደሚያስፈልግ በዓይናቸው እንዳዩ ተናገሩ። ሆሪያ ሳይፈቀድለት ተነሣ።

«በችግር ሰዓት አልነበረም የደረስኩት» አለ። «ችግሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሰዎቹ ለቀዋቸዋል፣ እየሳቁ ነበር፣ መንገድ ሊያሳዩዋቸው ነበር። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ግን አላመንኩም። ትላንት በዚያ መንገድ ላይ ያጠፋ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። የገባሁትን ቃልም በልቻለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ዕድል እንስጣት።»

ኢሊንካ ተነሣች። «ሆሪያ ሲቀጠር ስንት ጊዜ ተፈተነ?»

ሰብሳቢው ወረቀት ማገላበጥ ያዙ።

«አንድም ጊዜ አልተፈተንኩም» አለ ሆሪያ።

«እኔ አንድ ጊዜ ተፈትኛለሁ፤ አልፌአለሁም። ሁለተኛ አልፈተንም። የሚያስተምር ሰው ስትፈልጉ የት እንዳለሁ ታውቃላችሁ።»

በትሯን ዘርግታ ወጣች። ጋሼ ኔኩላይ ተከተሏት። ኮሪደሩ ውስጥ ሲያዳምጡ የነበሩ ሠልጣኞችም ሲንሾካሾኩ ሰማች፤ ከዚያ አንድ በትር፣ ከዚያ ሌላ በትር፣ ከዚያ ብዙ በትር ከኋላቸው ወለሉን እየመታ መጣ።

ያ ክረምት በጋሼ ኔኩላይ ግቢ አለፈ። ሠልጣኞቹ ማሠልጠኛው ሄደው ይበላሉ፣ ይተኛሉ፤ በበትር ለመሄድ ግን ከኢሊንካ በቀር ከማንም ጋር አንወጣም ብለው ቁርጣቸውን ነገሩ። ቬቱሪያ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ ኬክ ጋገሩላቸው። ኬኩን በሉ፤ አልወጡም። በየጠዋቱ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ጋሼ ኔኩላይ ግቢ ይመጣሉ። በረዶ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ደብቆ ሲያስቸግራቸው ኢሊንካ «መልካም፣ ዛሬ በረዶን እንማራለን» ትላለች።

አንድ ቀን ከእነሱ ጋር በመጥፎ አያያዝ የተያዘ በትር ሰማች። በትሩ የግቢውን ባልዲ መታ፣ ከዚያ የውሻውን ቤት፣ ከዚያ ጋሼ ኔኩላይን።

«ማነው ይሄ ደንባራ?» አሉ ጋሼ ኔኩላይ።

«እኔ ነኝ» አለ ሆሪያ። «ዓይኔን ሸፍኜዋለሁ። ግንባር ቢሆንም አስተምርሃለሁ ብለሽኝ ነበር።»

ኢሊንካ ልቧ ዘለለ። ፊቷን ግን ወደ ሌላ አዞረች። «ከመጨረሻው ቁም። በትርህንም እንደ መጥረጊያ አትያዘው።»

አልሳሳችለትም። ሲያጠፋ ከማንም በላይ ተቆጣችው። ጨርቁን ከዓይኑ እንዳይፈታ ከለከለችው፤ ሲወድቅም አላነሣችውም። እሱ ግን አልቀረም። ስለ ፍቅር አንድ ቃል አላነሣም፤ ይቅርታም ደጋግሞ አላሰለቻትም። አንድ ጠዋት ጎዳናው መሻገሪያ ላይ ቆሞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ መኪኖቹን አዳምጦ ሲሻገር ሰማችው። ከወዲያ ማዶ ሆኖ እንደ ሕፃን «ተሻገርኩ!» ብሎ ጮኸ። ኢሊንካ በጓንቷ አፏን ሸፍና ሳቀች። ያን ቀን ቤቷ ገብታ ብዙ አለቀሰች፤ እንደምትወደው መካድ ስላቃታት።

በረዶው ሊቀልጥ ሲል ወይዘሮ ቬቱሪያ ራሳቸው ግቢው ድረስ መጡ። ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ተሰማ።

«አሸነፋችሁኝ» አሉ። «ለቦርዱም ነግሬአለሁ። ሰኞ ሥራ ግቢ።»

«ከኋላዬ ማንም ሳይከተል?»

«ማንም ሳይከተል።»

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች ኢሊንካ። «እዚያ የሚያስተምር ዓይናማ ሁሉ ዓይኑን ሸፍኖ ይማራል። መጨረሻ ላይም ከማያውቀው ሰፈር ይወርድና ብቻውን ይመጣል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እኔም?» አሉ ቬቱሪያ በፍርሃት።

«እርስዎ ሻይ ያቀርቡልናል» አሉ ጋሼ ኔኩላይ፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ።

መጀመሪያ የወረደው ሆሪያ ነበር። በሚያዝያ አንድ ከሰዓት በኋላ ኢሊንካ ታክሲ ውስጥ አስገባችው፤ ሾፌሩን አዙረን አለችው፤ ከወንዙ ወዲያ አወረደችው። ጨርቁ በዓይኑ ላይ ጠበቅ ብሎ መታሰሩን በጣቷ ዳሰሰች። ጣቶቿ ጉንጩ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ቆዩ።

«ቤት እንገናኝ» አለችና በሩን ዘጋች።

ጋሼ ኔኩላይ ግቢ ተመልሳ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ደህና ነበረች። ከዚያ ዝናብ ጀመረ። ዝናብ የመኪናን ድምፅ ያደበዝዛል፤ እሷ ይህን ታውቃለች፣ እሱ ገና አልተማረውም። ከሩቅ የአምቡላንስ ድምፅ ተሰማ።

«ስልክ ልደውልለት?» አሉ ጋሼ ኔኩላይ።

«አይሆንም!»

አምቡላንሱ ራቀ። ኢሊንካ ተነሣች። በትሯን አነሣች። ግቢውን አቋርጣ የበሩን መወርወሪያ ያዘች፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል። አንድ ጊዜ መግፋት ብቻ ነው። መንገዱን ታውቀዋለች፤ ራቅ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ እስኪደርስ ብቻ። ማን ያውቃል? እሱ አያይም።

ያን ጊዜ በጥቅምት ሆሪያ የት እንደቆመ ገባት። ልክ እዚህ ነበር የቆመው። እንዲህ ያለውን በር ይዞ።

እጇን ከመወርወሪያው አነሣች። ተመልሳ በረንዳው ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተጫነቻቸው። ፈራች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ጋሼ ኔኩላይ ምንም ሳይሉ ብርድ ልብስ አለበሷት።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመንገዱ መጨረሻ አንድ በትር ተሰማ። ሰፋ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይመጣል። የጎረቤቱን አጥር አለፈ። በሩን አለፈ፤ ቆመ፤ ተመለሰ። መወርወሪያው ተከፈተ።

ኢሊንካ ስትሮጥ ባልዲውን መትታ አንከባለለችው። እርጥብ ኮቱን ይዛ ፊቱን ዳሰሰች። ጨርቁ እንደታሰረ ነው። ግንባሩ ላይ ግን ትልቅ እብጠት ወጥቷል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ግንባሬ» አለ ሆሪያ። «ከአንድ ምሰሶ ጋር ተዋወቅን።»

«ከኋላህ ማን ነበር?»

«ማንም አልነበረም።» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «ኢሊንካ፣ ማንም አልነበረም! ሁለት ጊዜ ጠፋሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ መንገዱን ራሴ አገኘሁት። አንቺስ? ፈርተሽልኝ ነበር?»

«እስከ በሩ መጥቼ ተመለስኩ» አለች ኢሊንካ።

ሆሪያ ዝም አለ። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ሁለት ትራም ሳይሳፈሩ ያሳለፉበት ምሽት ላይ ነበር የሰማችው። እጆቹ ሊይዟት አልተሰነዘሩም፤ እዚያው ቆመው ጠበቋት። እሷ ራሷ ክርኑን ያዘች።

«ታገባኛለህ?» አለችው።

የኮቱ ኮሌታ ተንሿሿ። ደጋግሞ ተንሿሿ።

«አፍህን ተጠቀም። አይሰማኝም።»

«አዎ!» አለ ሆሪያ። «አዎ! አዎ!»

«ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል!» ብለው ጮኹ ጋሼ ኔኩላይ ከበረንዳው። «በሉ ግቡ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ። መንገዱን እንደሆነ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ።»